የፋድኒስ ካካ የሳቅ ሥርዓት

ሳይጠየቅ ሌላውን ሰው ላቅና ብሎ የሚነሣ ጡረተኛ የሌለበት ሰፈር በምድር ላይ የለም። አንዱ የጎረቤቱን አበባ ያጠጣል፣ ሌላው መንገድ ዳር ቆሞ መኪና ያሳልፋል። የእኛው፣ የፑኔ ከተማ ባቡር ጣቢያ የቀድሞ ሰዓት ተቆጣጣሪ ክቡር ዲጋምባር ፋድኒስ ግን ያስቁናል።

በቀልድ መስሏችሁ ከሆነ ሰፈሩ ሁሉ «ካካ» የሚላቸውን እኚህን አጎታችንን አታውቋቸውም። በሳቅ ማኅበራቸው ቀልድ ክልክል ነው። ጠዋት ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት መናፈሻው ውስጥ ክብ እንሠራለን። እያጨበጨብን «ሆ ሆ፣ ሃ ሃ ሃ» እንላለን፤ ከዚያ እየተዘዋወርን ዐይናችን ከገጠመው ሰው ጋር ሁሉ እንስቃለን። ዐይን ከገጠመ ይሳቃል፤ ሕጉ ይኸው ነው። ያረፈደ ሰው ባቡሩ አምልጦታልና አጥሩ ሥር ቆሞ ለብቻው ይስቃል።

«ካካ፣ ዛሬስ የሚያስቅ ነገር የለኝም። ምራቴ አኩርፋኛለች» አላቸው አንድ ቀን መድኃኒት ሻጩ ሻንታራም።

«ማን ጠየቀህ? ሰውነት ቀድሞ ይነሣ፤ ልብ በሚቀጥለው ባቡር ይደርሳል።»

ጉልበቱን ለሚያመውም፣ ፈተና ለወደቀውም መድኃኒታቸው ይህችው ናት።

እኔ በየጠዋቱ ለአምላኬ ለቪቶባ አበባ የማቀርብ ሰው ነኝ። አምላክ የማይጠራበት ሥርዓት ምን ይረባኛል ብዬ ሁለት ወር ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ስታዘብ ከረምሁ።

«ናሊኒታይ» አሉኝ ካካ አንድ ጠዋት፣ «ሲጸልዩ ሁለቱን እጅዎን ያጋጥሙ የለ? እኛም እናጋጥማለን፤ ትንሽ ድምፅ ይበዛዋል እንጂ።»

ገባሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቀና ብዬ የሰው ዐይን አይቼ አላውቅም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አትክልት ሻጯን ዐይን ዐይኗን እያየሁ ስከራከር ራሴን አገኘሁት። አምላኬን አመሰገንሁ፤ ካካን ግን አልነገርኋቸውም፤ ይኮሩብናል።

ባለቤታቸው ኩሱም ካኩ ብቻ መጥተው አያውቁም። «በሳቅዎ እርግቡን ሁሉ አባረሩት» ይሏቸው ነበር፤ «እኔን ማስደሰት ከፈለጉ ይኼን ሽንኩርት ይክተፉልኝ።»

ዘንድሮ ዝናቡ ሲገባ ኩሱም ካኩ ዐረፉ። በሦስተኛው ቀን ዐሥራ አንድ ሆነን ለቅሶ ደረስን። ነጭ ለብሰን፣ አንገታችንን ደፍተን ምንጣፉ ላይ ተደረደርን። ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡት ካካ ቀና ሲሉ፣ ዐይናቸው ከሻንታራም ዐይን ጋር ገጠመ።

ሦስት ዓመት የሠለጠነ ሰውነት የሐዘን ቤት አይለይም። ሻንታራም «ሃ» አለ። አፉን በሁለት እጁ አፈነ፤ ግን እኔ አየሁት፣ ሌላው እኔን አየኝ። እንባችን እየወረደ ሳቅን። የካካ እኅት ከጓዳ ወጡና «ይኼ የለቅሶ ቤት ነው ወይስ የሰርግ?» አሉ። ካካ ፊታቸውን ወደ ማድቤቱ አዞሩ። በእኛ ወግ ከለቅሶ ቤት ደህና ሁኑ ተብሎ አይወጣምና፣ ሳንሰናበት ወጣን።

ዐሥራ ሦስቱ የሐዘን ቀናት አለፉ፤ ካካ አልመጡም። ሃያኛውም ቀን አለፈ። ክቡ መሪ አጥቶ በየቀኑ ሳሳ።

«ማኅበሩን የገደልሁት እኔ ነኝ» አለ ሻንታራም።

«ቪቶባዬ» ብዬ ጸለይሁ፣ «ሊቆጡንም ቢሆን ይምጡ።»

በሃያ አንደኛው ቀን መጡ፤ አራት ደቂቃ አርፍደው። በሕይወታቸው የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። ማንንም ሳያዩ በገዛ ሕጋቸው ሄደው አጥሩ ሥር ቆሙ። ሁላችንም መሬት መሬት አየን፤ ዐይናቸውን የሚደፍር ጠፋ። እኔ ወደ እሳቸው ሄድሁ።

«ካካ፣ ቀና ይበሉ።»

«አልችልም፣ ናሊኒታይ።»

«ማን ጠየቀዎት? እጅዎን ብቻ ያንሡ። ልብ በሚቀጥለው ባቡር ይደርሳል።»

እጃቸው ቀስ ብሎ ተነሣ። አንዴ አጨበጨቡ፤ ድምፁ እንኳ በቅጡ አልተሰማም።

«ያን ቀን ስትስቁ» አሉኝ፣ «ኩሱም ከማድቤት ‹እርግቡን አባረራችሁት› ስትል የሰማሁ መሰለኝ። ከሞተች ወዲህ ድምፅዋን የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።»

ሻንታራም ክቡን ትቶ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ሌሎቹም ተከተሉት። ማኅበሩ በሙሉ እንደ አርፋጅ አጥሩ ሥር ተደርድሮ በዝግታ አጨበጨበ። ያን ጠዋት ሳቅ አልመጣም፤ ማንም አልቸኮለም።

በመጨረሻ ካካ የእጅ ሰዓታቸውን አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ነገ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት። የሚያረፍድ ለብቻው ይስቃል።»

በማግስቱ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዐሥራ አንዳችንም ክቡ ላይ ቆመን፣ በሩን በሩን እናይ ነበር።