ክቡር እፍጋት እና የሠርጉ ኬክ

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፤ "ሊትርም ኪሎም ያው ነው" ብሎ በሰላም የሚኖር፣ እና ይህን ሰላም ለማደፍረስ የተፈጠረ። ሁለተኛው ዓይነት በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ለእኛ ፎቅ የደረሱን ክቡር እፍጋት ናቸው።

ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ጎረቤቶቻቸው ነን። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ነዳጅ ዴፖ ውስጥ ነው። እዚያ ነዳጁ በሊትር ይለካል፤ የመኪናው ጭነት ግን የሚታሰበው በኪሎ ነው። አንዱን ወደ ሌላው ሲቀይሩ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ አመላቸው ግን ጡረታ አልወጣም። "የምኑ ሊትር?" ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። "እፍጋቱን ሳታውቅ ኪሎ እንዳትጠራብኝ! አንዱ ሊትር ላባ ይሆናል፣ ሌላው እርሳስ።"

አንድ ቀን የዘይት ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃ ላይ አገኙኝ። "ሃያ ኪሎ ወገቤን ቆረጠው እኮ!" አልኩ፣ ያግዙኛል ብዬ።

"ሃያ ሊትር ዘይት አሥራ ስምንት ኪሎ ከምናምን ነው። ዘይት ከውሃ ይቀላል። ወገብህ ያላግባብ ነው የሚያማርረው" ብለውኝ እጃቸውን አጣምረው ወረዱ።

የታችኛዋ ጎረቤታችን የወለደች ጊዜ ደግሞ ልንጠይቃት ሄድን። ሕፃኑ ሦስት ኪሎ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። "ጎሽ! ሦስት ሊትር ገደማ ነዋ! ሰው ከውሃ እምብዛም አይለይም።" አራሷ ልጇን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

እንዲህ ያለ ሰው እቤት አይጠራም። በሬን ሲያንኳኩ ትንፋሼን ውጬ መቀመጥ ከለመድኩ ቆይቻለሁ። እንዲህ ስንኖር ባለቤቴ የእህቷን የሠርግ ኬክ እኔ እጋግራለሁ ብላ ቃል ገባች።

ነገሩ የኬክ ብቻ አልነበረም። አማቴ "እሷ እንኳን ኬክ፣ ውሃም ታሳርራለች" እያሉ በዘመድ ፊት ሲያሳቅቋት ኖረዋል። ባለቤቴ የእናቷን አፍ ልታዘጋ ቆርጣ ተነሳች። ኬኩ ግን እምቢ አለ። በጋገረችው ቁጥር መሃሉ ይሰምጣል፣ ጥርስ ላይ ይጣበቃል። በሠርጉ ዋዜማ ኩሽና ወለል ላይ ቁጭ ብላ "ይኸው፣ እማዬ ያለችው ደረሰ" ብላ አለቀሰች።

በገዛ እግሬ ሄጄ የክቡርነታቸውን በር አንኳኳሁ።

መጡ። የሰመጠውን ኬክ በጣታቸው ነካ አድርገው "በምን ለካሽው፣ ልጄ?" አሏት።

"ሚዛኑ ስለተሰበረብኝ በዚህ" ብላ የውሃ መለኪያ ጆጉን አሳየቻቸው። "ዱቄት አንድ ኪሎ ሲል አንድ ሊትር ሞላሁ። ማር ግማሽ ኪሎ ሲል ግማሽ ሊትር።"

ክቡር እፍጋት ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ መርዶ የተረዱ ነው የሚመስሉት። "ዱቄት እኮ በመሃሉ አየር አለው፤ ሊትሩ ከግማሽ ኪሎ ቢያልፍ ትንሽ ነው። የማር ሊትር ደግሞ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ይመዝናል። ዱቄቱን በግማሽ አጉድለሽ ማሩን አትረፍርፈሽበት እንዴት ይቁም?" ከዚያ ኪሎውን ለእፍጋቱ እያካፈሉ የየራሱን ልክ ነገሯት፤ ለዱቄቱ ሁለት ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ለማሩ ከሊትር ሢሶ ብዙም ያላለፈ። "ዱቄቱን ሳትጠቀጥቂው!" እያሉም ጆጉን ሲጠብቁ ዋሉ። ኬኩ ቀጥ ብሎ ወጣ።

በሠርጉ ላይ አማቴ ቀመሱ። ደግመው ቆረሱ። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጠው ለእንግዳው ሁሉ ስለ ሊትርና ኪሎ ሲያስረዱ ወደዋሉት ክቡር እፍጋት በጥርጣሬ ዞሩ። "እርስዎ ነዎት አይደል የለኩላት? እሷማ በራሷ አትችለውም።"

ባለቤቴ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔም አለቀልን አልኩ፤ እኚህ ሰው እንኳን ተጠይቀው፣ ሳይጠየቁም ያስረዳሉ።

"እኔ?" አሉ ክቡር እፍጋት፣ ሳህናቸውን ለባለቤቴ እየዘረጉ። "ልጅዎ ስትጋግር እኔ ምን አገባኝ፣ እትዬ? ደግሞስ ሊትርም ኪሎም ያው አይደል እንዴ?"

ይህን ሲሉ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ተነስቼ በሰው ሁሉ ፊት አገላብጬ ሳምኳቸው።