ጋሽ ረዳን ያልጣማቸው ቀለህ

በየሰፈሩ ሁሉን የሚያማርጥ አንድ ሰው አይጠፋም። አንድ ብቻ ነው፤ ሰፈሩን ለማሰልቸት ግን አንዱ ይበቃል። ሮማ ላይ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አካባቢ፣ ይህ ሹመት የጋሽ ረዳ ነበር። ዘመኑ አገር ቤት ደርግ የነገሠበት ነው፤ የተሰደደ ሁሉ ያገኘውን ይዞ ተመስገን ይላል። ጋሽ ረዳ ያገኙትን የሚይዙ ሰው አይደሉም። የአንድ አሮጌ ሕንፃ በረኛ ሆነው ሳሉ ሽንኩርት ሲገዙ አንድ በአንድ ያሸታሉ። ትራም ሲመጣ "የዚህኛው ፍሬን አልጣመኝም" ብለው ያሳልፉታል። ቫቲካን ያለውን የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ሊሳለሙ ሲሄዱ ሻማውን ከመግዛታቸው በፊት ክሩን ይመረምራሉ። ሚስት ሲያማርጡም ጠጉራቸው ሸበተ፤ ሴቶቹ በበኩላቸው "እሳቸውም አልጣሙን" ይላሉ።

በጋሽ ረዳ የተማረረ ብዙ ነው፤ የየሻረግን ያህል የተማረረ ግን የለም። የሻረግ እዚያው ሕንፃ ላይ ለአንድ አዛውንት ጠበቃ በቤት ሠራተኛነት ታገለግላለች። ሁሉም "አቮካቶ" የሚሏቸው እኚህ ሰው አዳኝ ናቸው። የተኮሱትን ጥይት የናስ ቀለህ አይጥሉም፤ ለቅመው ያመጡና፣ ፈቃዱም ስላላቸው፣ እቤታቸው ባሩድና እርሳስ ሞልተው እንደገና ጥይት ያደርጉታል። የትኛው ቀለህ እንደሚሞላ፣ የትኛው እንደሚጣል የሚለዩት ግን፣ በወጣትነታቸው አገር ቤት ሲያድኑ የኖሩት ክቡር ዐቃቤ ቀለህ ጋሽ ረዳ ናቸው።

ሥርዓቱ የሚፈጸመው የሻረግ ወልውላ በጨረሰችው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ቀለሁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሡታል። አንገቱን በጥፍራቸው ይዞሩታል። ቂጡን ያያሉ። በመጨረሻ ሁለቱን እያጋጩ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ጤነኛ ናስ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ ጎርናና ነው።

"አሎራ፣ እንግዲህ ይቺ አልጣመችኝም" ይሉና ወደ ቆርቆሮው ይወረውሯታል።

"ጋሼ፣ ያው አይደለም እንዴ?"

"ያው የሚባል ቀለህ የለም፣ ልጄ።"

"እራቱ ቀዘቀዘ እኮ።"

"ይቀዝቅዝ። ቀዝቃዛ እራት ሰው አይገድልም።"

እንዲህ እንዳሉ የየሻረግ ጓደኛ ዘርፈሽዋል ልታገባ ሆነ። የሻረግ ባደገችበት አገር ለሙሽራ ኩል የሚሰጠው በቀለህ ተደርጎ ነው፤ እናቷም አክስቶቿም ከቀለህ እየጨለፉ ነው የተኳሉት። ጋሽ ረዳን እንዳትጠይቅ፣ እሳቸው እስኪመርጡ ሙሽራዋ ክርስትና ታስነሣለች። ስለዚህ ከተመረጡት ሣጥን እጅግ የሚያብረቀርቀውን አንሥታ ደበቀች። ቁጥሩ እንዳይጎድል ከተጣሉት መካከል አንድ ጥቁር ቀለህ በሎሚና በአመድ ፈትጋ፣ ወርቅ አስመስላ በቦታው ተካች። ጋሽ ረዳ የጣሉት ስለ ጠቆረ መስሏት ነበር። ናስ ማብራት ደግሞ ለእሷ የየቀን ሥራዋ ነው።

አቮካቶው ጥይታቸውን ሞልተው ከርከሮ ሊያድኑ ወደ ማሬማ ጫካ በሄዱበት ቅዳሜ፣ ጋሽ ረዳ የየሻረግን ሾርባ ሊቀምሱና ሊነቅፉ ወደ ወጥ ቤቱ ወጡ። እየጠጡ ወሬ ጀመሩ።

"አንድ የማውቀው አዳኝ ነበር። አንገቷ የተሰነጠቀች ቀለህ ሞልቶ ተኮሰ። እሳቱ ወደ ኋላ መጥቶ አንድ ዓይኑን ወሰደው።"

የሻረግ ያቺ በሎሚ የፈተገቻት ቀለህ ለምን እንደ ተጣለች አሁን ገባት። የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ፔርሜሶዋ፣ በአቮካቶው ፊርማ የቆመ ነው፤ እሳቸው ከሌሉ ወደ አገር ቤት ነው፣ ወንድሟ ወደ ታሰረበት። ግን ፔርሜሶው ቀርቶ፣ በዓል በመጣ ቁጥር "ሂጂ፣ ከሰዎችሽ ጋር ዋዪ" የሚሏት ሽማግሌ ዓይን በእሷ ሎሚ ሊጠፋ ነው። ስልክ እንዳትደውል፣ ጫካ ውስጥ ምን ስልክ አለ።

"ጋሼ፣ ጉድ ሠርቻለሁ" አለችና አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

ጋሽ ረዳ የቀረችውን ሾርባ ጨለጡ። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ አንድ የሚያበራ ቀለህ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አቆሙ።

"ይቺ ናት?"

የሻረግ አንሥታ አሸተተቻት፤ ሎሚ ትሸታለች።

"መርጬ ስጨርስ ራሴንም አላምንም። ባሩድ ከመግባቱ በፊት ሣጥኑን እንደገና አየዋለሁ። ሎሚው መልኳን መለሰላት፣ ድምፅዋን ግን አልመለሰላትም። ሌላ ተክቼበታለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ሎሚ የሚሸት ቀለህ ከወጥ ቤት በቀር ከየት ይመጣል? ለአቮካቶው ብነግር ፔርሜሶሽ ምን ሊሆን ነው? ራስሽ ትነግሪኝ እንደሆን ብዬ ነው ወሬውን ያነሣሁት። ቫ ቤኔ፣ ደግ ነው፣ ነገርሽኝ።"

የሻረግ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና አለቀሰች። ደረቷ ላይ የተጫነ የወፍጮ መጅ የተነሣላት ያህል ቀለላት። ጋሽ ረዳም ለማባበል የሚሆን ቃል ሲያማርጡ ቆዩና የሚጥም ስላጡ፣ ሾርባው ጨው እንደ በዛበት ነገሯት።

ቢሆንም ሰው በዓይኑ እስኪያይ አያምንም። እሑድ ከሰዓት በሩ እስኪከፈት ልቧ አላረፈም። አቮካቶው ባዶ እጃቸውን፣ ጫማቸው ጭቃ፣ ፊታቸው ቁጣ ሆኖ ገቡ። ከርከሮው አምልጧል።

"የረዳ ቀለህ ነው ጥፋተኛው" አሉ። "ያ ሁሉ ማማረጥ ለዚህ ነው?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን የሻረግ "እኔስ ምን ስል ነበር" ብላ በጨመረችበት ነበር።

"ኖ፣ ሲኞሬ" አለች። "ጋሽ ረዳ የመረጡት ቀለህ እንከን የለበትም። የሳቱት እርስዎ ነዎት።"

በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ቃል ተሰምቶ አያውቅም። አቮካቶው ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን አፍጥጠው ተመለከቷት። የሻረግም ቀኙን አየች፣ ግራውን አየች፤ እግዚአብሔር ይመስገን ብላ ኮታቸውን ተቀበለቻቸው።