ጋሽ ሸዋንግዛው ፈረስ ሲመርጡ

አዲስ አበባ ውስጥ ፈረስ ዝር የማይልበት ሰፈር ሞልቷል፤ የፈረስ ቀለም አዋቂ የሌለበት ሰፈር ግን ተፈልጎ አይገኝም። ይህ ሰው ፈረስ አይገዛም፣ አይሸጥም፤ ፈረስ ላይ ከተቀመጠም ብዙ ዘመን አልፎታል። ስለ ጥርስ፣ ስለ ሰኮና፣ ስለ ጉልበት ቢያወሩት ጆሮ አይሰጥም። እሱ የሚያየው ቀለም ብቻ ነው። አይቶም፣ በሕይወት ዘመኑ አንድ ጊዜ እንኳ «ጥሩ ፈረስ ነው» ብሎ አያውቅም።

ለልደታ ኮንዶሚኒየም የደረሱት ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው። በወጣትነታቸው ጃንሜዳ ላይ ይጋልቡ ነበር። ስንት ጊዜ እንዳሸነፉ በትክክል አይታወቅም፤ ቁጥሩ በየዓመቱ ስለሚጨምር። አሁን ጠዋት ጠዋት ባርኔጣቸውን አድርገው ከብሎኩ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ይሰየማሉ፤ ሊቁ ከተሰየሙ ደግሞ ጠያቂ አይጠፋም።

ትምህርታቸው አጭርና ምሕረት የሌለው ነው። አራት እግሩ ነጭ የሆነ ፈረስ ከፈን ለብሶ የተወለደ ነውና ጋላቢውን ሳይቀብር አይሞትም። የግንባሩ ነጭ ወርዶ ከንፈሩን የነካ ቦቃ የጌታውን ገድ ይጠጣል። ግራጫ ወረተኛ ነው። ፈዛዛው ቡላ ቤት አያስረጋም። አምባላይ ያምራል፤ ጥፋቱም ማማሩ ነው፤ ሰው ነጩን ፈረስ ሲያይ ጋላቢውን ይረሳል። «ጥቁርስ?» ያላቸው እንደሆነ ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም ይላሉ፤ ጥቁር ስሙም አይነሳ ማለታቸው ነው። የሚቀረው ቡናማው ዳማ ነው። ዳማም ቢሆን ከጆሮው እስከ ሰኮናው አንድ ነጭ ጠጉር የሌለበት መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ፈረስ «አንድ ጊዜ አይቻለሁ» ይላሉ፤ የት እንዳዩት ግን አይናገሩም። ከዚያ «ቀለም አይዋሽም» ብለው ጉባኤውን ይዘጋሉ።

ፈረስ በሌለበት ጊዜ ዕውቀታቸው ወደ ሌላው ንብረት ይፈሳል። ወይዘሮ ቦሰና ግራጫ ፍሪጅ ገዝተው ሲያስገቡ ጋሽ ሸዋንግዛው ከወንበራቸው ሳይነሱ «ወረተኛ ነው» አሉ። ፍሪጁ በሦስተኛው ወር ተቃጠለ። በዚያው ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ሌሎች ሦስት ነጫጭ ፍሪጆችም መቃጠላቸውን የብሎኩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ያነሳው ግን የለም።

በፈረስ ሠርግ ላይማ ሥልጣናቸው ሙሉ ነው። በሰፈሩ ሁለት ሙሽሮች በፈረስ ሊመጡ ታስቦ ነበር፤ ሁለቱም በእግራቸው ነው የመጡት። የወይዘሮ ኡሙልኸይር ልጅ አብዱልሃኪም አምባላይ ተዘጋጅቶለት «ልጅቷ የምታገባው አንተን ነው ፈረሱን?» ብለው አስመለሱበት። ፋርማሲ የሚሠራው ቃለሕይወት ቡላ ፈረስ ቢቀርብለት «በዓመቱ ቤት ትቀይራለህ» አሉት። ቃለሕይወት በእግሩ መጥቶ አገባና በዓመቱ ቤት ቀየረ። ይህ በጋሽ ሸዋንግዛው ትምህርት ላይ ምንም ለውጥ አላመጣም።

በሱፍቃድ በዚህ ሁሉ ሲስቅ ሁለት ዓመት ኖሯል። ሜክሲኮ አካባቢ ባንክ የሚሠራ፣ ረጋ ያለ፣ ሸሚዙን በሥርዓት የሚተኩስ ልጅ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረውን ናዝሬትን ሊጠይቅ ሲመጣ ከአግዳሚ ወንበሩ አጠገብ ቆም ብሎ አንድ ሁለት ትምህርት ሳይሰማ አያልፍም ነበር። ሊያገባት አንድ ሳምንት ሲቀረው ግን ሳቁ ቆመ። የናዝሬት አባት አቶ ወልደአማኑኤል ጠርተውት እንዲህ አሉት፤

«እኔ እናቷን ከእምድብር በፈረስ ነው ያመጣኋት። መኪናውም ይሁን፣ ግድ የለም። ከአስፋልቱ እስከ በራችን ያለችውን ግን በፈረስ ትመጣታለህ። ሰው ይይልኝ።»

ከአስፋልቱ እስከ በሩ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ለበሱፍቃድ ግን ከዚያ የረዘመ መንገድ አልነበረም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ ቡታጅራ ላይ አንድ የጋሪ ፈረስ ረግጦት ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ ፈረስ ሲያይ መንገድ ይሻገራል፤ ሽታው ከመጣበት ትንፋሹ ይቆረጣል። ይህን ለማንም አልተናገረም። ለናዝሬት እንኳ አልነገራትም። ወንድ ልጅ ለእጮኛው ብዙ ነገር ይናዘዛል፤ የጋሪ ፈረስ እፈራለሁ ብሎ ግን አይናዘዝም። በዚያ ላይ አቶ ወልደአማኑኤል ገና ሽማግሌ የተላከ ሰሞን «የባንክ ልጅ ለስላሳ ነው» ማለታቸው ጆሮው ደርሷል። እምቢ ካለ በአማቱ ፊት ዕድሜ ልኩን ለስላሳ ሆኖ ሊቀር ነው። እሺ ካለ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ ቪዲዮ እየተቀረጸ፣ ኮርቻው ላይ የሚሆነውን አያውቀውም።

ያዳነው የአማቱ የመጨረሻ ቃል ነበር። «ፈረሱን መጀመሪያ ጋሽ ሸዋንግዛው ያዩታል» አሉ። በሱፍቃድ ጉልበታቸውን ሊስም ምንም አልቀረው። ጋሽ ሸዋንግዛው ካዩት ፈረስ የለም ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሌላው ሙሽራ ስለ ሱፉና ስለ አዳራሹ ሲጨነቅ እሱ ስለ አንድ ነጭ ጠጉር ይጸልይ ነበር።

የሠርጉ ዕለት፣ እሁድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ አጃቢው ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ተነስቶ ጥሩምባውን እያስጮኸ ልደታ ደረሰ። አስፋልቱ ዳር አንድ አይሱዙ ቆሟል። ከአይሱዙው አጠገብ ከሱሉልታ የመጣው ባለፈረስ ሚደቅሳ ልጓም ይዞ ቆሟል። በልጓሙ ጫፍ ያለው ፈረስ ዳማ ነበር።

በሱፍቃድ ከመኪናው ሲወርድ እግሩ መሬት የረገጠ አልመሰለውም። ዓይኑ ቶሎ ብሎ የፈረሱን እግር ቆጠረ። አራቱም ጥቁር ቡናማ ናቸው። ግንባሩን አየ። እዚያም ምንም የለም። ይሁን፣ ሊቁ ያገኙበታል ብሎ ራሱን አጽናና።

ጋሽ ሸዋንግዛው ሙሉ ልብስ ለብሰው ወደ ፈረሱ ቀረቡ። ዘፈኑ ተቋረጠ። አንድ ጊዜ ዞሩት። ጭራውን ገለጡ፣ ሆዱን ጎንበስ ብለው አዩ፣ የታችኛውን ከንፈሩን ሳብ አድርገው ለቀቁ። ሁለተኛ ዞሩት። ሙሽራው ከንፈራቸው ላይ «ግን» የምትለዋን ቃል ይጠብቃል። ሦስተኛውን ዙር ጨርሰው ቆሙና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ዳማ» አሉ በቀስታ። «ንጹሕ ዳማ ነው።»

«እንከን የለበትም?» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል፤ እሳቸውም አላመኑም።

«የለበትም። አንድ ጊዜ አይቻለሁ የምላችሁ እንዲህ ያለውን ነበር።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እልልታው ከየበረንዳው ወረደ። ጋሽ ሸዋንግዛው ፈረስ ወደዱ የሚለው ወሬ ከሙሽራው በላይ ሰውን አስደሰተ። በሱፍቃድ ግን የለበሰው ሸሚዝ ጀርባው ላይ ሲጣበቅ ተሰማው። በአርባ ዓመት ውስጥ እኚህ ሰው አንድ ፈረስ ወደዱ፤ የወደዱትም የእሱን ፈረስ ነው።

«ና እንጂ ጀለሴ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለ ሚዜው ፍሰሐ፣ ጀርባውን ገፋ እያደረገ።

ቀና ሲል ናዝሬት ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ቬሏን በእጇ ይዛ ታየዋለች። አማቱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይጠብቃሉ። ባለ ቪዲዮው መብራቱን አበራ።

«እርካቡን እኔ እይዝልሃለሁ» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። እንዲህ ያለውን ክብር ለማንም ሰጥተው አያውቁም። «ግራ እግርህን አምጣ።»

በሱፍቃድ ግራ እግሩን አነሳ። ሽታው መጣ፤ የላብና የገለባ ሽታ፣ የቡታጅራ መንገድ ሽታ። የጫማው ጫፍ እርካቡን ነክቶ ሳተው። እንደገና አነሳ። አሁን ገባ፤ ግን ጉልበቱ ስለሚንቀጠቀጥ የእርካቡ ብረት ይንኳኳ ጀመር። ፈረሱ አንኮራፋና ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ። ጋሽ ሸዋንግዛው ባርኔጣቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ በአንድ እጃቸው እርካቡን፣ በሌላው ቁርጭምጭሚቱን እንደያዙ ቀና ብለው ፊቱን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ቆይ» አሉ። እግሩን ከእርካቡ አውጥተው መሬት ላይ አስቀመጡለት። ከዚያ ወደ ፈረሱ ራስ ሄዱ፤ የግራ ጆሮውን ገልጠው ጎንበስ አሉ፤ ቆዩ።

«አይሆንም።»

«ምኑ?» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል።

«ሦስት ነጭ ጠጉር አለበት። ከግራ ጆሮው ጀርባ። ሙሽራ አይቀመጥበትም።»

«አሁን እንከን የለበትም ብለው የለም እንዴ?»

«አሁን ነው ያየሁት።»

እዚህ ላይ የሚደቅሳ ፊት ተለወጠ። «አባባ፣ ይህን ፈረስ ሲወለድ በእጄ ነው የተቀበልኩት» አለ። «አንድ ነጭ ጠጉር የለበትም። ኑ ራሳችሁ እዩ።»

ከኋላ አንዱ «መነጽር እንግዛላቸው» አለ፣ ሳቁም ተከተለ። ሌላው «ዓይናቸው ደክሟል እኮ፣ አናውቅም ነበር» አለ፣ በሹክሹክታ አይደለም። ጋሽ ሸዋንግዛው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ያን ሁሉ ዘመን ጡረታ የሌላቸው፣ መኪና የሌላቸው፣ ሚስታቸውን የቀበሩ ሽማግሌ በዚህ ሰፈር ሰው ሆነው የኖሩት በዓይናቸው ነው። በዚያ ሁሉ ሳቅ መሐል አንድም ጊዜ «ቀለም አይዋሽም» አላሉም።

በሱፍቃድ ይህን ሲያይ ምን እንዳደረጉለት ገባው።

«ይቅርታ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ በእኛም ደርሷል፤ እርጅና ነው» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል፣ በአዘኔታ፤ አዘኔታው ከሳቁ ይከፋ ነበር። ወደ በሱፍቃድ ዞሩ። «ውጣ ልጄ፣ ቄሱም እየጠበቁ ነው።»

«አይደለም» አለ ሚደቅሳ። «የፈረሴ ስም ጠፍቶ አይሄድም። ዓይኑ ደህና የሆነ ሰው ይይ። ሙሽራው ራሱ ይይ፣ የሚቀመጥበት እሱ ነው።»

ሁሉም ወደ በሱፍቃድ ዞረ። እሱ ካለበት እስከ ፈረሱ ራስ አራት እርምጃ ነው። መቀመጥ ቢሆን ቢያንስ ከላይ ነው፤ ይህ ግን ፊት ለፊት፣ ከጥርሱ አጠገብ፣ ከፊት እግሩ ሥር መቆም ነው። አንደኛውን እርምጃ ሄደ። ሁለተኛውን ሲሄድ የጎን አጥንቱ ጠዘጠዘው። ሦስተኛው ላይ ፈረሱ ራሱን ወዘወዘ፤ እሱም ዓይኑን ጨፈነ፤ ጨፍኖም አራተኛውን ሄደ።

እጁን ዘረጋ። የፈረሱ ጆሮ ሞቃት ነበር፣ ካሰበውም በላይ ለስላሳ። ገለጠው። ጥቁር ቡናማ ጠጉር ጥቅጥቅ ብሎ እስከ አንገቱ ወርዷል። አንድም ነጭ የለም። የፈረሱ ትንፋሽ ከረባቱን እያሞቀው፣ ያልነበረውን ነገር ደቂቃ ያህል አፍጥጦ አየ።

«አለ» አለ። ድምፁ ቀጥኖ ወጣ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመው። «አሉ። ሦስት ናቸው። እኔም አይቻለሁ።»

ሳቁ ቆመ። ሚደቅሳ አፉን ሊከፍት ሲል በፈረሱ ጆሮ ላይ የቀረውን የሙሽራውን እጅ አየ። እጁ እስከ ክርኑ ይንቀጠቀጣል። ሚደቅሳ ከፈረስ ጋር ያደገ ሰው ነው፤ የፈራ እጅ ምን እንደሚመስል ያውቃል። እጁን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ከዚያ ፈረሱን አንገቱ ላይ መታ መታ አደረገው፣ ይቅርታ እንደሚለው።

«እስቲ ልየው» አለ። ከበሱፍቃድ ጎን ቆሞ ጆሮውን በደንብ ገለጠና ቆጠረ። «ሦስት አይደሉም» አለ፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። «አራት ናቸው።»

አቶ ወልደአማኑኤል ምርር ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ካለበት ምን ይደረጋል» አሉ። «ፈረሱ ከፊት ይሂድ፣ ሙሽራው በእግሩ ይከተል።»

ዘፈኑ እንደገና ተጀመረ። ጋሽ ሸዋንግዛው ባርኔጣቸውን መልሰው አድርገው «መነጽር እንግዛላቸው» ካለው ሰው አጠገብ ሲያልፉ ቆም አሉ። «አራተኛውንማ አይቼው ነበር» አሉት። «በሠርግ ቀን ሁሉም አይነገርም ብዬ ነው።»

በሱፍቃድ ሳቀ፣ እንባውም አብሮ መጣ። ክንዱን በሽማግሌው ክንድ ውስጥ አስገብቶ ከፈረሱ ኋላ ሁለቱን መቶ እርምጃ በእግሩ ሄደ፤ በመንገዳቸውም ጋሽ ሸዋንግዛው የናዝሬት አባት መኪና ቀለም ለምን አደገኛ እንደሆነ ሲያስረዱት እሱ እያንዳንዱን ቃል በጥሞና ያዳምጥ ነበር።