ከቱቦው በታች

ስብሰባ በተፈጠረ በማግስቱ «ጥያቄ አለኝ» የሚል ሰው ተፈጥሯል። ሰብሳቢው «እንግዲህ ጥያቄ ከሌለ…» ብሎ ወረቀቱን ሲሰበስብ፣ ሰዉ ኮቱን ሲያነሳ፣ ከኋላ አንድ እጅ ብቅ ይላል። ፈረንሳይ ውስጥ በሎዋር ወንዝ ዳር ባለችው መንደራችን ያ እጅ የክብርት ማዳም ሶላንዥ ፔሮዶ ነው። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

የኑክሌር ኃይል ማመንጫው አፍንጫችን ሥር ነው። ሰዎቹ በየሦስት ወሩ ማዘጋጃ ቤት እየመጡ ወንዙ ውስጥ ስላለው ጨረር ይነግሩናል። ሁልጊዜ ደህና ነው። አጨብጭበን ወደ ወይናችን እንሄድ ነበር፣ እሳቸው ባይኖሩ።

«ጥያቄ አለኝ። ለምርመራ ውሃ የምትቀዱት የማመንጫው ፍሳሽ ከሚወጣበት ቱቦ በላይ ነው። እኔ ዓሣ የማጠምደው ከቱቦው በታች ነው። የምበላውን በምን አወቃችሁልኝ?»

ሰብሳቢው ሙሴ ላንብሌ በረጅሙ ይተነፍሳሉ። «ማዳም፣ ታች መንገድ የለም። ሳማ ነው፤ ጭቃ ነው።»

«ሳማ እየፈራችሁ ነው ኑክሌር የምታነድዱት?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይኸው ነው። እኔማ እሳቸው ካፌ በገቡ ቁጥር ጋዜጣ ውስጥ ስደበቅ የመንደሩን የሞት ማስታወቂያ ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ።

አንድ ሰኔ ማዳም ማጭድ ይዘው ወረዱ። በአራት ቀን ሳማውን አጨዱ፤ የሟች ባላቸውን ጀልባ ፈልጠው ሳንቃውን ጭቃው ላይ ደረደሩ። ለሙሴ ላንብሌም «መንገዱ ደርሷል፤ ጫማችሁ አይቆሽሽም» ብለው ጻፉ።

ሰበብ አለቀ። የማመንጫው ሰዎች ወርደው ቀዱ፤ ለኩ።

«ከተፈቀደው እጅግ በታች!» አሉ ሰብሳቢው ደረታቸውን ነፍተው። «አሁንስ ደስ አለዎት ማዳም?»

«እጅግ! ዛሬ ዓሣዬን እጠብሳለሁ። ጥያቄ አለኝ፦ በሚቀጥለው ወር መቼ ነው የምትመጡት?»

ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጡ። ዘንድሮ ግን ማዳም ዳሌያቸው ተሰብሮ ተኙ። ሳማ ደግሞ ይሉኝታ የለውም፤ መንገዱን ዋጠው። የማመንጫው ውሃ ቀጂ መኪናውን አቁሞ አየት አደረገና፣ ፊቱ ፈካ ብሎ ወደ ላይኛው አስፋልት ነዳ። ካፌ የተቀመጥነው ሁሉ አይተናል። ወደ ወይናችን ተመለስን።

በሚቀጥለው ወር ሲመጣ የማዳምን ማጭድ ይዤ መሐል መንገድ ቆሜ አገኘኝ። እጄ ሳማ ለብልቦት እስከ ክርኔ አብጧል።

«በታች ነው ወዳጄ» አልኩት።

ወረደ።

ማጭዱን ልመልስ ስሄድ ማዳም ከአልጋቸው ቀና ብለው ያበጠውን እጄን አገላብጠው አዩት። ምስጋና ጠበቅሁ።

«ጥያቄ አለኝ» አሉ። «በግራ በኩል ያለውን ሳማ ለማን ተውከው?»