የጋሽ ሰይድ ጨጓራ

ምስጢር መጠበቅ አንችልም ብሎ ሰፈራችንን የሚያማ ሰው፣ ታሞ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። የማን ልጅ ከማን ጋር እንደታየች፣ ማን ከባለቤቱ ተኳርፎ ሶፋ ላይ እንደሚያድር፣ ይህ ሁሉ ልደታ ውስጥ ግማሽ ቀን አይደበቅም፤ አልክድም። ሕመም ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሐኪሙ ያውቃል፣ ሚስት ታውቃለች፣ አማች ያውቃል፣ ባለ ሱቁ ያውቃል፣ የዕድሩ ጸሐፊ ያውቃል፤ የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በሽተኛው። እናንተም ብትሆኑ፣ ለወትሮው ሰላምታ የሚነፍጋችሁ ጎረቤት ሁሉ አንድ ቀን ብርቱካን ይዞ ደጃችሁን ካጣበበው ጠርጥሩ፤ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የተባለው ለዚህ ነው። ብርቱካኑን ግን ብሉት።

ጋሽ ሰይድ እዚሁ ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት የልብስ ስፌት ሱቅ አሏቸው። ከወሎ በወጣትነታቸው መጥተው እዚያው ሱቅ ውስጥ ሸበቱ። እኔ ደግሞ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ሱሪዬን ሁሉ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸውና የወገቤን ታሪክ ከባለቤቴ ይልቅ ጠንቅቀው ያውቁታል። ቅዳሜ ከሰዓት እሳቸው ዘንድ ተቀምጬ መጫወት ልማዴ ነው። ብቸኛ ልጃቸው ሐያት በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማር ነበር፤ ባቡሩ በልደታ ሊያልፍ ነው ተብሎ መንገዱ ሁሉ በተቆፈረበት ዘመን ነው የማወራችሁ። አንድ ቅዳሜ አባቷ የስፌት መኪናቸውን መርገጥ ሳያቆሙ፣ «እስቲ ይህ የምትማሪው ነገር ምንድን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ ዶክተር ልትሆን ነው እያልኩ መዋሸት ሰለቸኝ» አሏት።

ሐያት ረጅም ስም ጠራች። አር ኤን ኤ ሜቲሌሽን በምግብ መፍጫ አካላት ካንሰር ላይ፤ ጨጓራ፣ አንጀት፣ ጉበት። እኔ ሁለተኛው ቃል ላይ ቀረሁ። ጋሽ ሰይድ ግን ሳይለኩ የሚቆርጡ ሰው አይደሉምና ቀስ ብለው ይጠይቋት ጀመር። በእያንዳንዷ የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ዋናው መመሪያ ተቀምጧል፣ ከቦታው አይነቃነቅም አለች። ሥራ ሲመጣ ከሱ ላይ ቅጂ ይወጣል፤ አር ኤን ኤ የሚባለው ያ ቅጂ ነው። ቅጂው ላይ ደግሞ ጥቃቅን የኬሚካል ምልክቶች ያርፋሉ፤ ሜቲሌሽን የሚባለው ይህ ነው፤ ምልክቱን የሚያደርግ አለ፣ የሚፍቅ አለ፣ አንብቦ የሚያስፈጽም አለ። ቅጂው ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ስንት ጊዜ እንደሚሠራበት የሚወስኑት በአብዛኛው እነዚህ ምልክቶች ናቸው። እኔ በልቤ፣ ይህማ የኛ መሥሪያ ቤት ነው አልኩ።

ጋሽ ሰይድ መኪናቸውን አቆሙ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ ልብስ የሚቆረጥበትን የካርቶን ልክ አሳዩን፤ እሱ ከቦታው አይወርድም። ሥራ ሲመጣ ከሱ ላይ በወረቀት ይገለብጣሉ፣ በወረቀቱ ላይ ደግሞ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ፤ እዚህ እጠፍ፣ እዚህ ድገም፣ በዚህ ወረቀት አንዴ ቆርጠህ ጣለው።

«አንድ ዓርብ» አሉ፣ «ይጣል የሚለውን ምልክት ረስቼ ወደ መስጊድ ሄድኩ። ስመለስ አብሮኝ የሚሠራው ሰው አሥራ አንድ የግራ እጅጌ ቆርጦ ጠበቀኝ። ልኩ ስህተት የለውም። እጅጌውም ደህና እጅጌ ነው። ሸሚዝ ግን የለም።»

 ሐያትም፣ ዋናው መመሪያ ራሱ የሚበላሽበት ጊዜ ቢኖርም እሷ የምታጠናው ይህንኑ የጠመኔውን ነገር እንደሆነ ነገረችን፤ ምልክቱ ሲዛባ መጣል የነበረበት ቅጂ ሳይጣል ይቀርና ሕዋሱ አላቆም ብሎ ይባዛል። አስተማሪዎቿ ፊት ጥናቷን ስታቀርብም እጅጌውን ጨምራ አቀረበችው አሉ። ጋሽ ሰይድ ያን ሰሞን ሱቃቸው ለገባ ደንበኛ ሁሉ ካንሰርን ሲያስረዱ ከረሙ።

ጥቂት ወራት እንዳለፈ ጋሽ ሰይድ ምግብ አልወርድ አላቸው። ሁለት ጉርሻ ሲበሉ ጠገብኩ ይላሉ። የራሳቸውን ሱሪ ወገብ ሁለት ጊዜ አጠበቡ፤ ለማንም አልተናገሩም። በስንት ልመና ተመረመሩ፤ ውጤቱን ሐኪሙ ለባለቤታቸው ለእትዬ ዘሀራ ነገራቸው። የጨጓራ ካንሰር ነው፤ ገና አልተሠራጨም፤ ቶሎ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ተስፋ አለው። እትዬ ዘሀራም እንደ ደንቡ፣ «እንዳትነግሩት፣ ይሰበራል» ብለው፣ ሐያት ብትሟገትም፣ ሁላችንንም አስማሉን። ስለዚህ ጨጓራ ነው አልናቸው። ጨጓራ የማያመውን ሰው የአዲስ አበባ ነዋሪ ነው ለማለት እኔ በበኩሌ ይከብደኛል፤ ውሸታችን ያማረ ውሸት ነበር። አንዱ ተልባ ጠጡ ይላል፣ አንዱ በርበሬ ተዉ ይላል፣ ብርቱካኑ ይጎርፋል።

ውሸት ግን እግር ሲያወጣ ጌታውን ይረግጣል። ለቀዶ ሕክምናው ቀን ሲቆረጥ ጋሽ ሰይድ እምቢ አሉ። «ለጨጓራ ብሎ ሆዱን የሚያስቀድድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አሉን።  እውነታቸውን ነው።

ሐያት እኔ ቤት የመጣችው ያን ጊዜ ነው። «የኔ ጥናት ለሱ አይደርስለትም፣ ጋሼ» አለችኝ። «መድኃኒት እስኪሆን ገና ስንት ዓመት ይቀረዋል። እሱን የሚያድነው ቢላዋው ነው፤ ቀኑ ደግሞ የፊታችን ሐሙስ ነው። ካለፈ መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም።»

«ታዲያ አንቺ ለምን አትነግሪያቸውም?» አልኳት።

«ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሻይ ልቅዳልህ ብዬ ተነሳሁ።»

ስለ ካንሰር በሰው ፊት ቆማ ሰዓት ሙሉ የምታስረዳ ልጅ ናት። አንጀቴን በላችው። እሺ ብዬ እትዬ ዘሀራን በግድ አስፈቀድኩ፤ የዕድራችንን ዳኛ አቶ በላይንና የጋሽ ሰይድን የአገር ልጅ ሐጂ ከማልን ጠርቼም ተመካከርን። አቶ በላይ፣ «ክፉ ወሬ በሥርዓት ነው የሚነገር» አሉ። ሥርዓቱን ደግሞ ሦስታችንም እናውቀዋለን። በማለዳ፣ ሰው ወደ ሥራው ሳይሄድ፣ ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው ሰብሰብ ብለው መሄድ ነው። በዕድር ዘመናችን ስንት ቤት እንዲህ አንኳኳን! ማልኩላችሁ፣ ከሦስት ሽበት አንዱ እንኳን እንዲህ ተደርጎ የሚነገረው ነገር ምን እንደሆነ አላሰበም። በእኛ አገር ሦስት ሽማግሌ ጎህ ሲቀድ ደጅ ላይ ከቆመ አንድ ነገር ብቻ ነው። መርዶ ነው።

ማክሰኞ ማለዳ ሄድን። ሐያት ያን ሳምንት ላቦራቶሪ ሥራ ስለነበረባት ዩኒቨርሲቲው ግቢ ነበር የምታድረው፤ በታክሲ እንድትደርስብን ተቀጣጥረናል። ጋሽ ሰይድ የንጋት ስግደታቸውን ጨርሰው ነበርና በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ጋቢያችንን አዩ። ፊታችንን አዩ። አቶ በላይ ደግሞ በዚያች በለመዷት ድምፅ፣ «ገብተን ቁጭ እንበል» አሉ።

«ሐያት ናት?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ተናገርን፤ የማናችንም አልተሰማ። እሳቸው በሩን ተደግፈው ቁጭ አሉ። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ያሳመርኩትን ንግግር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ረሳሁት። «ሐያት ደህና ናት! የታመሙት እርስዎ ነዎት፤ ጨጓራ አይደለም፣ ካንሰር ነው» አልኩ። እንዲሁ። እንደ ወረደ።

ቀና ብለው አዩኝ። «እኔ?»

«እርስዎ።»

«እኔ ብቻ?»

«እርስዎ ብቻ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ግንባራቸውን መሬት አስነኩ።

ሐያት ከኋላችን ደርሳ ኖሯል፤ ሁሉንም ሰምታለች። ሮጣ አጠገባቸው ተንበረከከች። «አባዬ፣ ቀላል ነገር እኮ አይደለም» አለች እያለቀሰች። እሳቸው ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ያንቺን ሞት ከሰማሁ በኋላ ነው የነገሩኝ፤ ከዚያ በኋላ ምን ይከብዳል?» አሏት። ዞር ብዬ አለቀስኩ፤ አላፍርም። ሲረጋጉ ደግሞ ወደ እኛ መለስ ብለው፣ «ወገቤን ሁለቴ ያጠበብኩ ሰው ነኝ። ጨጓራ ይህን ያህል ጨርቅ እንደማይበላ ጠፍቶኝ መሰላችሁ? እናንተ እንዳትጨነቁ ብዬ ነው እንጂ» አሉን። ለካ እሳቸውም ከእኛ ደብቀው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ፈርመው ገቡ። የጨጓራቸው ግማሽ ያህል ወጣ፤ ዛሬ በቀን ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት እየበሉ መኪናቸውን ይረግጣሉ። ሆስፒታል ሳሉ፣ ከወጣው ላይ ትንሽ ለጥናት ይሰጥ እንደሆነ ፈቃዳቸውን ጠይቀዋቸው ነበር። «የተረፈ ቁራጭ ለባለቤቱ መመለስ የሙያችን ሕግ ነው» አሉ። «ይህን ግን አልፈልገውም፤ ለልጄ ስጧት።»

ተሰጣት። ታዲያ ሐያት ጓንቷን አጠለቀች፣ የአባቷ ቁራጭ ያለባትን ብልቃጥ አየች፣ ጓንቷን መልሳ አወለቀች፤ ምልክቶቹን አብሯት የሚማር ልጅ እንዲመረምርላት ለመነችው። በሽተኛን መዋሸት ኋላ ቀርነት ነው እያለች ስትሟገተን የከረመችው ሐያት፣ ብልቃጡን ስታስረክበው እንዲህ አለችው አሉ፤ «ውጤቱ ደህና ካልሆነ ቶሎ አትንገረኝ። ከነገርከኝም፣ እባክህ፣ በጠዋት እንዳትመጣ።»