የወይዘሮ በለጠች የባሕር ድንጋይ

ትምህርት ቤት ያለው ከተማ ሁሉ «አላውቅም» የማይል አንድ ሰው አያጣም። የደባርቁ መምህር ገሠሠ ነበሩ። ክቡርነታቸው ሠላሳ ዓመት ሳይንስ አስተምረው ጡረታ ከወጡ ወዲህም፣ ስሙ ያልታወቀ ቅጠል ሆነ ትል፣ የእግር እባጭም ሳይቀር፣ እሳቸው ፊት ይቀርባል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ በባዶ ዓይናቸው አየት አድርገው፣ «ግልጽ ነው!» ይላሉ።

ትልቁ ፈተናቸው በ1989 ዓ.ም. መጣ። የምግብ ቤቷ ባለቤት የወይዘሮ በለጠች ልጅ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ አለምነህ፣ ከምጽዋ አንድ ድንጋይ ከነባሕር ውኃው በጀሪካን ይዞ ከተፍ አለ። እናቱ በመስታወት ሳጥን አድርገው፣ እንዳይበርደው ከማድ ቤቱ ግድግዳ አስጠጉት። አለምነህ በተመላለሰ ቁጥር ውኃውን ይቀይርለታል። ድንጋዩም በየሳምንቱ የማይታወቅ ነገር ያበቅል ጀመር።

«መምህር፣ ይኸ ወይን ጠጅ ቅርፊት ምንድን ነው?»

«ግልጽ ነው! ዝገት።»

«ይኸስ ነጭ ቱቦ፣ ላባ የሚያወጣው?»

«ሥር ነው። ሲተነፍስ ነው።»

«ይኸ ስነካው የሚኮማተረውስ?»

«አበባ።»

«ኧረ መምህር፣ ትናንት ሥጋ ጣል ባደርግለት ዋጠው እኮ! ያውም በዓርብ!»

መምህር ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም። «የባሕር አበባ ነዋ፤ ጾም አያውቅም።»

በ1990 ጦርነቱ መጣና መንገዱ ተዘጋ። አለምነህ ለጦሩ ስንቅ ጭኖ በአዲ አርቃይ በኩል ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ወይዘሮ በለጠች ቀበሌ ጠየቁ፣ «አናውቅም» ተባሉ። ጎንደር ወርደው ጠየቁ፣ «አናውቅም» ተባሉ። ተመልሰው ድንጋዩ ፊት ቁጭ አሉና «ይኸ እስካለ ልጄም አለ» ማለት ጀመሩ።

ውኃው ግን እየተነነ ጎደለ። ማን ይጠየቅ? መምህር። «ግልጽ ነው! ባሕር ማለት ውኃና ጨው ነው» አሉና ከገበያ አሞሌ አስገዝተው፣ ወቅጠው፣ በገዛ እጃቸው ከውኃ ጋር ጨመሩበት።

በሦስተኛው ቀን ጧት መጥተው አዩት። ዝገት የተባለው ነጥቷል። ሥር የተባለው ላባውን አልዘረጋም። አበባው ቀልጦ ከታች ወድቋል። ያን ጊዜ ትዝ አላቸው፦ ውኃ ሲተን ጨው እንደማይተን፣ እዚያው እንደሚቀር፣ ዕድሜ ልካቸውን ለሰባተኛ ክፍል ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ።

ወይዘሮ በለጠች እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ከማድ ቤት ወጡ። «ምን ሆነብኝ መምህር? ተኝቶ ነው አይደል?»

«ግልጽ ነው» የምትለው ቃል አፋቸው ላይ መጣች። ተኝቷል ቢሉ ይታመናሉ፤ ስንቱን ብለው ታምነዋል። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

«ሞቷል፣ ወይዘሮ በለጠች። ንጹሕ ውኃ ብቻ ይበቃው ነበር። ጨው ጨምሬ የገደልሁት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ በለጠች ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አለምነህስ?» አሉ።

«አላውቅም።»

ይህችን ቃል በቀበሌም በጎንደርም የነገሯቸው ሁሉ፣ ወዲያው በሩን ነበር የሚያሳዩዋቸው። መምህር ገሠሠ ግን ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡና፣ ያን ሁሉ ኩራታቸውን ጥለው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። በማግሥቱም መጡ። ከዚያም በየቀኑ።

ነጩ ድንጋይ አልተጣለም። ከጊች የወረደ ገበሬ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣ ነጋዴ ምሳውን እየበላ «ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲል፣ ወይዘሮ በለጠች ወደ መምህር ያያሉ። መምህርም መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይመልሳሉ።

«የአለምነህ ድንጋይ ነው።»