እትዬ አትተንፍስብኝ

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ «አትንኩ» ባይ አይጠፋም። እናንተም ሰፈር አለች፤ ሶፋዋን በላስቲክ ሸፍና እንግዳውን ዱካ ላይ የምታስቀምጥ፣ ለሠርጓ የመጣላትን ብርጭቆ ልጇ እስክትዳር ድረስ ከቁም ሳጥን የማታወርድ። የእናንተዋ ግን ቢያንስ የምትጠብቀው ዓይን የሚገባ ነገር ነው። የእኛዋ፣ ክብርት ማትሪዮና ሮማኖቭና፣ የአላዜያ ወንዝ የቀኝ ዳርቻ የበላይ ጠባቂ፣ የጭቃ ባለአደራ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው እንዳይተነፍስበት ሲጠብቁ የኖሩት አፈር ነው።

በእርግጥ ተራ አፈር አይደለም። አገራችን የሰሜን ጫፍ ውርጭ ምድር ነው፤ መሬቱ ሙቀት ሲመጣ ከላይ አንድ ክንድ ያህል ይቀልጣል እንጂ ከዚያ በታች ቀልጦ አያውቅም። ማሞዙ፣ ያ ጸጉራም የጥንት ዝሆን፣ የጣለው ፋንድያ፣ የዱር ፈረሱ ያረገፈው ጸጉር፣ የጋጠው ሣር ሥር፣ ሁሉም እንደቀዘቀዘ ተቀምጧል። አንድ አጥንት ሳይገኝ፣ ከማንኪያ አፈር ዲኤንኤ አውጥቶ «እዚህ ከሃያ ሺህ ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ሣር ነበረ፣ እንዲህ ያለ አውሬ ይግጠው ነበር» ማለት ይቻላል። ችግሩ፣ ያው ማንኪያ አፈር የእኔንም ማስነጠስ እንደ ማሞዙ አክብሮ መያዙ ነው።

እኔ ጋቭሪል እባላለሁ፤ ቆፋሪያቸው ነኝ። መሰርሰሪያዬ መሬት ሳይነካ ገና «አትተንፍስብኝ!» ይሉኛል። መሰርሰሪያውን በበረኪና፣ ቦቲውን በበረኪና፣ አንድ ቀን ጉድጓዱን ሊያሸት የመጣውን ውሻ አፍንጫውን በበረኪና። የወረዳው ሹም የምስጋና ወረቀት ሊሰጣቸው መጥቶ ነበር። ነጩን ቱታ አልብሰው፣ አፉን አሸፍነው፣ ወረቀቱን ተቀብለው በበረኪና ወለወሉት። ይኸው እስከ ዛሬ ግድግዳቸው ላይ ባዶ ነጭ ወረቀት በክብር ተሰቅሏል።

ባልደረባዬ ኒዩርጉን ጢም ነበረው።

«ተላጭ» አሉት። «እዚያ ውስጥ ያለፈው ሳምንት ዓሣ አለ።»

«እትዬ፣ ጢሜን ያሳደግኩት ለሚስቴ ነው እኮ!»

«ሚስትህ ናሙና አታነሣም። ተላጭ።»

ተላጨ። ሚስቱ እስካሁን ለማትሪዮና ሰላምታ አትሰጥም።

ምራቃችንም ተመዝግቧል። ወደ ጉድጓዱ የሚቀርብ ሰው ሁሉ በቱቦ ተፍቶ፣ ቱቦው ከተማ ወዳለው ቤተ ሙከራ ሄዶ፣ ቁጥር ይሰጠዋል። አፈር ውስጥ የሰው ዲኤንኤ ከተገኘ የማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። እኔ ቁጥር አሥራ አንድ ነኝ። ቁጥር አራት የእሳቸው ባል ስፒሪዶን ነበር።

ስፒሪዶን ከእኔ በፊት የነበረው ቆፋሪ ነው። በእኛ ዘንድ መሬት ሳይጎርስ አይከፈትም፤ ለቤት መሠረትም ሆነ ለመቃብር፣ የምትቆፍረው ሁሉ በቅቤ የተጠበሰ ቂጣ ቆርሶ፣ ከእንጨት ዋንጫ የባዝራ ወተት ኩሚስ አፍስሶ፣ ፈቃድ ጠይቆ ነው። ማትሪዮና ይህን ከለከሉ። የጠብ ብዛት! በመጨረሻ ከጉድጓዱ መቶ እርምጃ ርቆ፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል እንዲያጎርስ ተፈቀደለት።

«ማትሪዮና፣ ሰውን ከአፉ መቶ እርምጃ ርቆ ማጉረስ የት አገር ነው ያለው?» ይላቸው ነበር፣ ቂጣውን ይዞ እየሄደ።

«አንተ አጉርስ እንጂ መሬቱ ረጅም እጅ አለው!»

ሃያ አምስት ዓመት በየጉድጓዱ ይህንኑ ተባባሉ። ከዚያ ስፒሪዶን በአንድ የጸደይ ሳምንት ልቡን ታሞ ሞተ፤ መቶ እርምጃ የሚሄድ ሰውም ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ማትሪዮና ከእኛ ጋር የሚነጋገሩት በትእዛዝ ብቻ ሆነ። አቁም፣ ያዝ፣ አትተንፍስብኝ። ሻይ እንጠጣ ብለን ስንጠራቸው «የእናንተ ቤት ጸጉር ይበዛዋል» ብለው ይቀራሉ። ውለው የሚያድሩት ስፒሪዶን ቆፍሮ በሠራው የምድር በረዶ ቤት ነው፤ አሥራ አንድ ደረጃ ወደ ታች፣ ሌላው ሰው ሥጋና ዓሣ በሚያስቀምጥበት እሳቸው አፈር ደርድረውበታል። ዕቃ ላደርስ ወርጄ አንድ ቀን ድምፃቸውን ሰማሁ። «ዛሬ ጋቭሪል አልዘገየም፤ የሚገርምህ ነው» ይላሉ። ከእሳቸውና ከአፈሩ በቀር ማንም አልነበረም። ዕቃውን ደረጃው ላይ አስቀምጬ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

የሕይወታቸው ክርክር አንድ ነው። ሊቃውንቱ የዱር ፈረስ ከሸለቋችን ጠፋ ከሚሉበት ጊዜ በኋላ፣ ብዙ ሺህ ዓመት ቆይቶም እዚህ ይግጥ ነበር ይላሉ እሳቸው። ማስረጃ ካላመጡ ሥራው ሊዘጋ ነው፤ የቀረን ደግሞ አንድ ጉድጓድ፣ ሰባተኛው። እሱን ልንቆፍር ስንል «ሂዱ፣ ርቃችሁ ብሉ» አሉን። በልተን ተመልሰን ቆፈርን። ከአራት ሜትር የወጣው በረዷማ አፈር ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ነበር፤ ቢሆንም ፊታቸው በርቶ አየሁ።

የቤተ ሙከራው መልስ በክረምት መጣ። መነጽራቸው በበረኪና ብዛት ስለደበዘዘ ደብዳቤውን እኔ አነበብኩላቸው።

«በአራት ሜትር ላይ ፈረስ ተገኝቷል።»

ኒዩርጉን ብድግ ብሎ ጨፈረ። ማትሪዮና ወንበሩን ጨበጡ።

«ላምም ተገኝቷል።» ቀጠልኩ። «ስንዴም።»

«በማሞዝ ዘመን ዳቦ ቤት ነበረ በላ!» አለ ኒዩርጉን። እኔ ያን ዕለት አፌን ሳልጠርግ ተመልሼ ይሆን ብዬ፣ ቁጥር አሥራ አንድን እየጠበቅኩ አነበብኩ።

«የሰው ዲኤንኤም አለ። በዝርዝራችሁ ቁጥር አራት ነው። ስፒሪዶን የተባለው ሠራተኛችሁ ጓንት እንዲያደርግ በጥብቅ ይነገረው።»

ስፒሪዶን ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው።

«እስቲ ያን መስመር ድገመው» አሉ ማትሪዮና።

ደገምኩት።

«እንደገና።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሲነሡ ለመቆጣት መስሎን ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ በረዶ ቤቱ ወረዱ። ሲመለሱ የናሙና ከረጢት ይዘዋል፤ የታሸገ፣ ቀንና ስም የተጻፈበት። ውስጡ የስፒሪዶን የእንጨት ዋንጫ ነበር። ቅዝቃዜ ምን ያህል እንደሚያቆይ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ዓለምን በሙሉ በበረኪና ያጠቡ ሴትዮ ያን ዋንጫ አላጠቡትም።

«መጨረሻው ጉድጓድ ነው፤ አንዴ እንኳ እሱ ባለው ይሁን ብዬ ነው» አሉ። «መሬቱን ከአፉ አጎረስኩት። ቂጣውንም እኔው ጠበስኩ። በገዛ ዋንጫው ነው ያፈሰስኩት።»

ኩሚስ የባዝራ ወተት ነው፤ ከመሰርሰሪያው ጋር በስንጥቁ እስከ አራት ሜትር ወርዷል። የተገኘው የፈረስ ዲኤንኤ ደግሞ እጅግ ጥቂት ስለነበረ የጥንቱ ይሁን የወተቱ መለየት አይቻልም። ሁላችንም ገባን። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጉርሻ።

«እትዬ፣ ስለ ወተቱ ዝም እንበል» አለ ኒዩርጉን። «ፈረሱ የጥንት ነው ቢባል ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ። ጋቭሪል፣ ጻፍ።»

ጻፍኩ። «ሰባተኛው ጉድጓድ ተበክሏል። የበከልኩት እኔ ማትሪዮና ነኝ። ፈረሱ አይቆጠር።» ቆም አሉና ጨመሩ፦ «ስፒሪዶን ጥፋት የለበትም።»

ከተማ ያሉት ተቆጥተው ይዘጉታል ብለን ስንጠብቅ፣ እንዲህ ራሱን የሚከስስ ሰው አይተው አያውቁ ይሆናል፣ አንድ ጉድጓድ ጨመሩልን። ከፈቃዱ ጋር «በሥራ ላይ የሌሉትን ሰርዙ» የሚል የምራቅ ዝርዝር ልከዋል። እስክሪብቶዬን አነሣሁ።

«ቁጥር አራትን አትንካ!»

አልነካሁም።

በዚህ በጋ ስምንተኛውን ቆፈርን። አፈሩ ወጥቶ፣ ታሽጎ፣ ጀልባው ላይ ከተጫነ በኋላ ማትሪዮና ቂጣ ከኪሳቸው አወጡ። ለካ መፍትሔው ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ መጀመሪያ መውሰድ፣ ኋላ ማጉረስ። ለሁለቱም ይበቃ ነበር፤ ግን ሃያ አምስት ዓመት ሲከራከሩ አንዳቸውም አላሰቡትም። ከጉድጓዱ አፍ ተንበርክከው ቆርሰው ጣሉ። ኩሚሱን ከብርጭቆ አፈሰሱ። ዋንጫውን ከነከረጢቱ ያመጡት ስፒሪዶን እንዲያይ ብቻ ነው፤ አንዴ ከፍተው ወደ ጉድጓዱ አሳዩት።

እኔም ልሰናበተው ብዬ ወደ ዋንጫው ጎንበስ አልኩ።

«ጋቭሪል! አትተንፍስብኝ!»

ትንፋሼን ያዝኩ። የከረጢቱ ማሸጊያ አልያዝ ብሏቸው ደጋግመው ሞከሩ፤ እኔም ዓይኔ እንባ እስኪያቀር፣ ጨርሰው እስኪያሽጉት ድረስ አልተነፈስኩም።